ሃያ ስድስት ለሁለት

ጋሽ መርዕድ ደብተር አለው፣ ጥጋጥጉ የቆሰለ፣
መሃሉ በቀይ መስመር ለሁለት የተከፈለ።
በግራው "ቦክስ" ይላል፣ በቀኙ "ባለ መብራት"፤
እኔ ነኝ የምሞላው፣ ሳንዘጋ ሳንወጣ ለራት።
የኅዳርን ሽያጭ ትናንት ደመርኩት ደጋግሜ፣
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ እንደ ቆምኩ ቆሜ፦
ሃያ ስድስት ለሁለት።
ኳስ ቢሆን ይሄ ውጤት
ደጋፊው ታክሲ ይዞ ነበር፣ ገና ከእረፍት በፊት።

ከቸርችል ታጠፍ ብሎ፣ ከፖስታ ቤቱ በላይ፣
ሱቃችን ጠባብ ናት፣ ጀርባዋ ፀሐይ የማያይ፤
የጥርስ ሐኪም በግራችን፣ ፎቶ ኮፒ በቀኛችን፣
መሰርሰሪያው ሲያፏጭ ይሰማል ከግድግዳችን።

የመዘምራን ልጆች መጡ፣ አሥር ሆነው ለአንድ ዕቃ፣
ብሩ ካንዱ ኪስ፣ ካንዱ ኪስ እየተለቀመ እስኪበቃ።
አንዲት ነርስ ከጥቁር አንበሳ፣ ከሌሊት ተረኝነት፣
"ክኒኑ አልያዘኝም" አለች፣ "እስቲ ይህን ልሞክርበት።"
ከቴሌ ጡረታ የወጡ አቶ ኩምሳ፣ በሩ ጠቧቸው፣
"ሠላሳ ዓመት ሽቦ ጎተትኩ፤ በቃኝ" አሉ፣ ሳቅ ቀድሟቸው።
ሁሉም ሳጥን አንጠልጥለው ወጡ።

ቦክስ ሆደ ሰፊ ነው፤ የነገሩትን ይይዛል፣
ክሩ ቢላላ ይታገሣል፣ ጣት ቢሳሳት ይችላል።
ኪራይ ቤት የኖረ ሰው፣ ግድግዳው ካርቶን የሆነ፣
ጎረቤት ሳይነቃበት በአውራ ጣቱ ያዘነ፣
ያውቃል ይሄን።

ኤሌክትሪኩ ሆድ የለው፤ ድፍን ነው፣ ሙሉ ጣውላ፤
ማጉያ ይፈልጋል፣ ገመድ፣ ሶኬት፤ ከዚያ በኋላ
መብራት።
መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣
የባለሥልጣን ቀጠሮ ነው።

አንድ ቀይ ግን ነበረን፣ መስታወቱ ውስጥ የቆመ፣
ሦስት ዓመት አቧራ ጠግቦ፣ በእኔ ጨርቅ የታከመ።
ቅላቱ የጽጌረዳ አይደለም፣ የፍሬን መብራት ቀይ ነው፤
የሚያልፈውን እግረኛ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው።
ይቆማሉ። ትንፋሻቸው መስታወቱን ያደበዝዛል።
ይገባሉ። ዋጋ ሲሰሙ ሱቁ ጭር ይላል።
ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል፦
"ከሳጥኖቹ... ያ፣ የዳሩ፣ እሱ ስንት ያወጣል?"

ያፌት ብቻ ነው ቀዩን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያቅፈው፣
የትምህርት ቤት ሹራቡን ዚፕ እንዳይጭረው የሚያወልቀው።
ሳይሰካ ይመታዋል። ድምፁ ቀጭን፣ የራቀ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው፣ የታፈነ፣ የደቀቀ።
ጆሮውን ትከሻው ላይ ይጥላል።
"ልሰካልህ?" ስለው፣ "አይ፣ ይቅር" ይለኛል፣
"ከሰማሁት በኋላ መተው እንዴት ይቻለኛል?"

ታኅሣሥ ሦስት፣ ማክሰኞ፣ አንዲት ሴት ገባች፣ ትርሲት፣
ካሳንቺስ ሆቴል የምትሠራ፣ ጥፍሯ አጭር፣ ጃኬቷ የወንድ።
አልተከራከረችም።
ሰካችው። አንዴ ብቻ መታችው፣ ረዥም፣ አንድ ድምፅ፤
ከግድግዳው ወዲያ መሰርሰሪያው ቆመ።
ቆጥራ ከፈለች። ሄደች።

መስታወቱ ባዶ አይሁን ብለን ቡናማ ሳጥን አቆምን፣
ደህናውን፣ ውዱን መርጠን፣ ወልውለን፣ ክር ቀይረን።
ሰዉ ያልፋል። ታክሲ ይጠራል። ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ነው።
ጥር ሲገባ ደመርኩ፤ እንደገና ደመርኩ፤ ያው ነው፦
ዘጠኝ ለአንድ።

ጋሽ መርዕድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
ደብተሩን ሳበኝ፣ ማስመሪያ አምጣ፣ ሌላ መስመር ጨምር አለ።
"ርዕሱ ምን ይባል?" ብለው፣
ደጁን አየ፤ "ቆመው ያዩ።"

ቅዳሜ ያፌት መጣ። ሹራቡን ዚፕ ድረስ ዘግቶ
ቡናማውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቆየ ግንባሩን አስጠግቶ።
አልገባም።
አንድ ብዬ ጻፍኩ።